ሺፍት የተቀየረ ዕለት

ካዛንቺስ ባለ አንድ ሆቴል የሃውስኪፒንግ (የክፍል ጽዳት) ሱፐርቫይዘር ሆኜ ስሠራ የገጠመኝ ነው። አርብ ማታ 3 ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጃችን በቴሌግራም ግሩፓችን «ነገ ትልቅ ስብሰባ ስላለ የከሰዓት ሺፍት ጠዋት 12 ሰዓት ይግባ» ብለው ጻፉ። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ልጆች ቀሩ።

አንዷ አርብ ኦፍ ነበረች፤ ዳታ ስላልነበራት መልእክቱን ያየችው ረፋድ ላይ ነው። ሁለተኛዋ ከጓደኛዋ ጋር በቃል ሺፍት ተቀያይራ ስለነበር ለውጡ እሷን የሚመለከት አልመሰላትም። ሦስተኛዋ ግን አርብ እስከ ማታ 4 ሰዓት ሠርታለች። ድሮ ቤቷ ከሆቴሉ ጀርባ ስለነበር በእግሯ ነበር የምትመላለሰው። በ2017 ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሳ ቤተሰቧ ከዚህ ርቆ ወዳለው ገላን ጉራ ገባ። የሆቴሉ ሰርቪስ ማታ ያደርሳል እንጂ ንጋት ላይ አያመጣም። ታዲያ በዚያ ሌሊት በምን ትምጣ?

የመጡት ልጆች የቀሩትን ተክተው እስከ ማታ 3 ሰዓት ቆዩ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8 ሲሆን፣ የትርፍ ሰዓት ደግሞ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 አይበልጥም። የምሳ ሰዓት ቢቀነስ እንኳ ከዚያ አልፈዋል።

ሰኞ ለሦስቱም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተዘጋጅቶ እንድፈርም መጣልኝ። አልፈረምኩም። የእያንዳንዷን ሁኔታ ጽፌ ወደ ሰው ሀብት ኃላፊዋ ወጣሁ። አንብበው ሲጨርሱ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ለውጡን ማን ደወለላቸው?» ማንም አልደወለም። ደብዳቤው እዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ለውጥ ካለ ከሁለት ቀን በፊት ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ያየ ሁሉ ይፈርማል። ድንገተኛ ከሆነ ይደወላል፤ ልጅቷ ራሷ «እሺ» እስክትል ድረስ እንደተነገራት አይቆጠርም። ተቀያያሪዎችም መዝገብ ላይ ሁለቱም ይፈርማሉ። እኔ አጥብቄ የተከራከርኩት ግን ማታ 4 ሰዓት የወጣ ሰው በማግስቱ ጠዋት 12 ሰዓት እንዳይመደብ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሰው ያንሰናል ብለው ብዙ ካንገራገሩ በኋላ ተቀበሉ።

የንጋት ሰርቪስ ጥያቄያችን እስካሁን መልስ አላገኘም። ስለዚህ የጠዋቱን 12 ሰዓት ሺፍት በብዛት የምሰጠው ቅርብ ለሚኖሩት ነው። እነሱም «ቅርብ ስለሆንን ሁልጊዜ እኛ?» ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው።