«ዘ ዎል»ን ከዳር እስከ ዳር

የእንግሊዝ የሮክ ባንድ የሆኑት ፒንክ ፍሎይዶች «ዘ ዎል» (ግንቡ) የተሰኘውን አልበም ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1979 መጨረሻ ነው፤ ሁለት ሸክላ፣ 26 ዘፈን፣ 81 ደቂቃ ገደማ። አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ተማሪዎች የሚዘምሩበትን ዘፈን ብቻ ነው። ዛሬ ላይ ሲመዘን ግን የአልበሙ ጉልበት ያለው የዘፈኖቹ መጋጠሚያዎች ላይ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ማጫወቻችሁ በዘፈኖች መካከል ዝምታ እንዳያስገባ አስተካክሉ፤ ቅደም ተከተል ማዘበራረቂያውንም አጥፉ። ከተማሪዎቹ ዘፈን በፊት ያለው አጭር ዘፈን በጩኸት አልቆ ቀጥታ ወደ እሱ ይገባል። ግማሽ ሰከንድ ክፍተት ከገባ ነገሩ ይበላሻል። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ የአልበሙን የመጨረሻ ሰከንዶች ስሙ፦ አንድ ሰው ቀስ ብሎ መናገር ይጀምርና ሳይጨርስ ይቆረጣል። ቀሪው ንግግር አልበሙ ሲከፈት፣ ከለስላሳው ዜማ ሥር አለ። ግንቡ ፈረሰ ስንል እንደገና መገንባት ጀመረ ማለት ነው።

ሦስተኛው ሳይድ (የሁለተኛው ሸክላ የመጀመሪያ ገጽ) ዛሬም የሚደርስበት የለም። «ኮምፈርተብሊ ነም» መጨረሻ ላይ ያለውን የጊታር ሶሎ የባንዱ ጊታሪስት ጊልሞር ደጋግሞ ተጫውቶ ከየቅጂው ምርጥ ምርጡን ነው የገጣጠመው፤ ስፌቱ ግን አይታወቅም። «ሄይ ዩ» ወደዚህ ሳይድ መክፈቻ የመጣው በመጨረሻ ሰዓት ስለነበር በመጀመሪያው ሕትመት የሸክላው የውስጥ ሽፋን ላይ ግጥሙ ያለቦታው ታትሟል።

አራተኛው ሳይድ ያደክማል። «ዘ ትራያል» ላይ ቲያትሩ ዜማውን ይውጠዋል፤ የባንዱ ቤዝ ተጫዋችና ድምፃዊ ዋተርስ ገጸ ባሕርያቱን ሁሉ ብቻውን ስለሚጫወት ባንዱ ከጀርባ ይጠፋል።