«ጉበትዎ ደህና ነው»

ዛሬ ስቅለት ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጋሼ ጋደም አሉ። እኔ ግን ያለፈው ዓመት ስቅለት ከፊቴ አልጠፋ ስላለኝ ቁጭ ብዬ ይህን እጽፋለሁ።

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ያሳደጉኝም እሳቸው ናቸው። ግንበኛ ነበሩ። በስቅለት ከወጣቶቹ እኩል ወድቀው እኩል ይነሱ ነበር። ማታ ቄሱ በወይራ ቅጠል ጀርባቸውን ነካ ነካ አድርገው የስግደት ቁጥር ሲሰጧቸው «ይጨመርልኝ» የሚሉ ሰው ናቸው። አምና ግን «ኪርያላይሶን» ሲባል ወደቁ። ሰው ሁሉ ተነሳ፤ እሳቸው አልተነሱም። ግንባራቸው መሬት ላይ ነው። በጎናቸው የነበሩት ሽማግሌ ጋሼ የሚያለቅሱ መስሏቸው አብረው አለቀሱ። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነው የመሰለኝ። ጎንበስ ብዬ «ጋሼ» ስላቸው፣ «ልጄ፣ እግሬ እምቢ አለኝ» አሉኝ። ብብታቸው ሥር ገብቼ አነሳኋቸው።

ጋሼ አረቄ ይጠጡ ነበር። ሰክረው መንገድ ላይ የወደቁበት ቀን የለም። ሰው አልተሳደቡም፣ ቤት አልበተኑም። ጠዋት ሥራ ከመጀመራቸው በፊት፣ ማታ ደግሞ ሲመለሱ፣ ብቻ ሰባት ስምንት መለኪያ በየቀኑ ነበር። «ለግንበኛ ጉልበት ይሰጣል» ይባል ነበር። እኛም አምነናል።

የማልረሳው አንድ ነገር አለ። ከዚያ ስቅለት ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ እናቴ ለምና ምርመራ ወስዳቸው ነበር። ውጤቱ «ጉበትዎ ደህና ነው» የሚል ሆነ። ቤታችን ደስታ ሆነ። እኔ ራሴ ከዚያ ቀን በኋላ ስለ መጠጡ አንድም ቀን ተናግሬያቸው አላውቅም። መጠጥ የሚጎዳው ጉበትን ነው ብለን ነበርና፣ ጉበቱ ደህና ከሆነ ሰውየው ደህና ነው አልን። ያቺ ወረቀት ለእኛ ፈቃድ ሆነች።

ምልክቱ ግን ዓይናችን ሥር ነበር። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። ጋሼ ደረጃውን የእጅ መደገፊያውን እየሳቡ መውጣት ጀመሩ። ቡና ሲፈላ ከበርጩማ ለመነሳት ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ይጫናሉ። ቁም ሳጥን ላይ ዕቃ ለማስቀመጥ ክንዳቸው ከትከሻ በላይ አይቆይም። ያታለለን ደግሞ ሜዳ ላይ ደህና መሄዳቸው ነው። ሕመምም አልነበራቸውም። «እርጅና ነው» አልን። 58 ዓመታቸው ነበር።

በኋላ ያየቻቸው ሐኪም ወንበር ላይ አስቀምጣ «እጅዎን ደረትዎ ላይ ያጣምሩና ይነሱ» አለቻቸው። አልቻሉም። ታፋቸው መሳሳቱን ያን ቀን ነው ልብ ያልኩት። ስኳሩ፣ እንቅርቱ፣ ሌላውም ሁሉ ተመርምሮ ደህና ሆነ። በደም የሚታየው የጡንቻ ምርመራ እንኳ ደህና ነበር። አልኮል ጡንቻ ላይ የሚያደርሰው ይህ ዓይነቱ ጉዳት ዓመታት እየወሰደ ቀስ ብሎ ሲመጣ ደሙ ላይ ብዙ ጊዜ እንደማይታይ ነገረችን።

ያስረዳችን እንዲህ ነው። ጡንቻችን ሁለት ዓይነት ክሮች አሉት። አንዱ ቀስ ብሎ ግን ሳይደክም የሚሠራው ነው፤ ለመቆምና ለረጅም መንገድ ይሆናል። ሌላው ፈጣኑና ኃይለኛው ነው። ከመቀመጫ የሚያስነሳን፣ ደረጃ የሚያስወጣን፣ ሲያደናቅፈን ከመውደቅ የሚይዘን እሱ ነው። አልኮል ይበልጥ የሚያመነምነው ይህን ፈጣኑን ነው፤ ዳሌና ትከሻ አካባቢ ደግሞ ይብሳል። ጡንቻ በየቀኑ እየፈረሰ በየቀኑ ይጠገናል። አልኮል «መጠገኛውን አዲስ ፕሮቲን ሥራ» የሚለውን የሰውነት ትእዛዝ ያዳክመዋል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ዝም ብለው ቆዩና «ግንበኛው ቀርቶ ግድግዳው ሲፈርስ ማለት ነው» አሉ። ሐኪሟ «በትክክል» አለቻቸው።

እናቴ ግን «ደህና ይበላል እኮ! ቅልጥም መች ጎድሎበት ያውቃል?» ብላ ተከራከረች። ረሃብ ነገሩን ያባብሰዋል፤ ጥጋብ ግን አያድንም። በ1989 እ.ኤ.አ. ባርሴሎና ያሉ ሐኪሞች ብዙ የሚጠጡ 50 ወንዶችን መርምረው ነበር። በምግብ እጦት የተጎዱ ሰዎች አልነበሩም። የጡንቻ ናሙናቸው ሲታይ 46 በመቶው ጉዳት ነበረባቸው። በሕይወት ዘመኑ በድምሩ ብዙ የጠጣው፣ ጡንቻው ይበልጥ የደከመ ሆኖ ተገኘ። ልብም ጡንቻ ነውና የልባቸውም ነገር እንዲሁ ነበር። ሴቶች ላይ ደግሞ ባነሰ መጠን ጉዳቱ ይመጣል።

«በድምሩ» የምትለዋ ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ። አንድ ሌሊት ተነስቼ አሰላሁ። መለኪያው 40 ሚሊ ሊትር ቢሆን፣ በቀን ስምንት፣ ለ26 ዓመት። ከ3,000 ሊትር በላይ መጣልኝ። ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ሦስት ማለት ነው። አንድም ቀን ሰክረው ያላየናቸው ሰው!

ጋሼ ማቆም ፈለጉ። በራሳቸው በአንድ ቀን ሊያቆሙት ሲሉ ግን ሐኪሟ ከለከለቻቸው። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም ሊንቀጠቀጥ፣ የሚጥል ነገር ሊመጣበት፣ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ በክትትል፣ በመድኃኒትና በቫይታሚን ነው ያቆሙት። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ነበሩ። የእጃቸውን መንቀጥቀጥ ከእናቴ ለመደበቅ ሻይ በሁለት እጅ ይይዙ ነበር። ስለዚያ ጊዜ ብዙ መጻፍ አልፈልግም።

ጡንቻ ተስፋ ያለው ነገር መሆኑ ግን ደስ ይለኛል። መጠጡ ሲቆም በወራት ውስጥ መመለስ ይጀምራል። ሁሉም ላይ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ጋሼ በየጠዋቱ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይነሳሉ፣ እኔ እቆጥራለሁ። መጀመሪያ መደገፊያውን ይዘው ሦስት ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ሳይዙ አምስት። ደረጃውንም አሁን ሁለተኛው ፎቅ ላይ አንዴ ብቻ አርፈው ይወጣሉ።

ዛሬ አሥራ ሁለት ሰገዱ። ቆጥሬያለሁ። ከዚያ በኋላ ቆመው አንገታቸውን ብቻ ዝቅ ያደርጉ ነበር። ማታ ቄሱ ቁጥር ሲሰጧቸው «ይጨመርልኝ» አላሉም። «አባቴ፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያልኩ ልጨርሰው?» ብለው ጠየቁ። ቄሱም ፈቀዱላቸው።

አሁን ከክፍላቸው ድምፅ እየሰማሁ ነው። ወንበሩን እየሳቡት መሰለኝ።