ለእንግዳ የተሰለፉ ችግኞች

አለቃችን እንግዳ ሊመጣ ነው ከተባለ አያስችለውም። ድንጋይ ኖራ ያስቀባል፣ አጥር ያስጠግናል። የዚያን ሳምንት ግን እጁ እኔ መደብ ላይ አረፈ።

ደቡብ ወሎ ደጋ ላይ ያለ ችግኝ ጣቢያ ነው። የያዝኩት በኮሶና በዝግባ ላይ የሚደረግ ሙከራ ነው። ብርሃኑ ሦስት ዓይነት፦ ግልጥ ፀሐይ፣ አንድ እጥፍ የጥላ መረብ፣ ሁለት እጥፍ የጥላ መረብ። አፈሩም ሦስት፦ የደን አፈር፣ ብስባሽና አሸዋ 3 ለ2 ለ1፤ አሸዋው የበዛበት ድብልቅ፤ የሰፈሩ ቀይ አፈር ብቻውን። ለእያንዳንዱ የዛፍ፣ የብርሃንና የአፈር ጥምረት 20 ፕላስቲክ፣ በድምሩ 360። ኮሶ ፀሐይ እንደሚወድ፣ ዝግባ በልጅነቱ ጥላ እንደሚሻ ማንም ያውቃል። እኔ የፈለግሁት፣ ዝግባው ጥሩ አፈር ቢያገኝ ፀሐዩን ይችለው እንደሆነ ማየት ነበር። የዝግባ ዘር ቅርፊቱ ጠንካራ ነው፤ እስኪበቅል ወራት ያስጠብቃል። ስንት ጊዜ እንደጠበቅሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ዓርብ ጠዋት ስደርስ ረጃጅሞቹ ፊት፣ አጫጭሮቹ ኋላ ተሰልፈዋል። ትምህርት ቤት እንኳ ፊት የሚቆመው አጭሩ ነው! መለያዎቼ በሙሉ ተነቅለው ባልዲ ውስጥ ናቸው።

«አሁን አያምርም?» አለኝ አለቃዬ።

ምን ልበለው? እንግዶቹ አሥር ደቂቃም አልቆዩ። ፎቶ ተነሡ፣ ሻይ ጠጡ፣ ሄዱ።

መለያውን በየረድፉ መጀመሪያ ላይ ብቻ መሰካቴ የኔ ጥፋት ነው፤ እሱን ልለፈው። ብርሃኑን ከቁመናቸው መገመት ይቻላል፤ ሁለት እጥፍ ጥላ ሥር የከረመው ቀጥኖ ይመዘዛል፣ ቅጠሉም ይሳሳል። ቀዩ አፈርም በዓይን ይለያል። ሁለቱ ድብልቆች ግን ላያቸው አንድ ነው። መደቡ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ባልዲውን ሳይ እማማ ማጠጫቸውን ይዘው መጡ።

«ይሄ ነው የሚያስተክዝህ?»

በየፕላስቲኩ ላይ ውኃ ጠብ ያደርጋሉ። ወዲያው ከሰረገ «አሸዋው»፣ ላዩ ላይ ከተኛ «ያኛው» እያሉ ለሁለት ከፈሏቸው። አላመንኩም። አሥሩን ቀድጄ አየሁ። ዘጠኙን አግኝተዋል።

«በምን አወቁ?»

«የማጠጣው እኔ አይደለሁ? አንተ ማክሰኞ ማክሰኞ ማስመሪያህን ይዘህ ነው የምትመጣው።»

እውነታቸውን ነው። ያም ሆኖ ልቤ ሞቀ። መለያዎቹን መልሼ እየሰካሁ፣ ለአለቃዬ የምጽፈውን ደብዳቤ በሐሳቤ አርቅቄ ጨረስኩ። ቃላቱ ቀላል አልነበሩም።

እማማ ሊሄዱ ሲሉ ዘወር አሉ።

«ፀሐይ ላይ ላሉት ዝግባዎች ግን ማታ ማታ ትንሽ እጨምርላቸው ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ነዋ። ያሳዝናሉ እኮ፣ ልጄ።»

ሁሉም እኩል ይጠጣል ብዬ በጽሑፍ ለጥፌ ነበር፣ መጋዘኑ በር ላይ። እማማ ማንበብ እንደማይችሉ ያን ቀን ነው የገባኝ።

ደብዳቤውን ለማንኛውም ጻፍኩት። ስለ ማታው ውኃ አንድም ቃል የለበትም። አለቃዬ እስከ ዛሬ ሙከራውን ያበላሸው እሱ ብቻ ይመስለዋል። እኔም አላረምኩትም።