ጥፋቱ የኔ ባይሆንም

«አንተማ ታድለሃል» ይሉኛል። ሰሞኑን ደግሞ በዛ። ማር ሊገዛ የመጣ ሰው ይለኛል። ድሮ አብረን እንግዳ የምንቀበል ጓደኞቼ ይሉኛል። የባለቤቴ ዘመዶች ሳይቀሩ «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው፣ ምን ይደረግ» ሲሉ ሰምቻለሁ። በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሰው ኑሮ ሲከብደው የሚለው ነገር ነው። ግን ማታ ጋደም ስል ይከነክነኛል። እስቲ ዛሬ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

የላሊበላ አስጎብኚ ነኝ። ነበርኩ አልልም፣ ነኝ። እኛ ጋ ከመስከረም እስከ ጥር ያለው ጊዜ ሲዝን ይባላል፤ ዓመቱን ሙሉ የምንበላው በእሱ ነው። ገና ሲደርስ ከተማው ውስጥ አልጋ አይገኝም። ቤተ ማርያም ላይ ካህናቱ ከላይም ከታችም ቆመው «ቤዛ ኩሉ» ሲያሸበሽቡ እንግዳህን ይዘህ በሰው መሐል ትሽሎከሎካለህ፣ ከ11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ያልታየውን ታሳያለህ፣ ከሰዓት በበቅሎ ወደ አሸተን ማርያም ትወጣለህ፣ ማታ ድምፅህ ተዘግቶ ቤትህ ትገባለህ። ድካሙ ራሱ ደስ ይላል። እግዜር ይመስገን፣ የምወደውን ሥራ ነው የሠራሁት።

ከዚያ መጋቢት 2012 ላይ ኮሮና ገባ ተባለ። ቀጠሮ የያዘው ግሩፕ ሁሉ ተሰረዘ። ያልፋል ብለን ስንጠብቅ ጥቅምት 2013 ጦርነት ተጀመረ፤ በዚያው ዓመት ክረምት ላሊበላ ድረስ መጣ። ባንክ የለም፣ ስልክ የለም፣ መብራት የለም። የዚያን ጊዜ የሆነውን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። ጥቅምት 2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት ሲፈረም እልል አልን። ለገና እንግዳ መጣ፣ እኔም ጫማዬን አስጠርጌ ወጣሁ። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ እንደገና ተኩስ።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ውስጥ የኔ ጥፋት የቱ ጋ ነው? የትም። በሽታውን አላመጣሁም፣ ጦርነቱን አልጀመርኩም፣ በረራውን አልሰረዝኩም። ይህን ረገጥ አድርጌ የምናገረው ስለ በጎ አስተሳሰብ የሚያስተምሩ አንዳንድ ሰዎች «የደረሰብህ ሁሉ በሐሳብህ የጠራኸው ነው» ስለሚሉ ነው። ውሸት ነው። ጭካኔም አለበት። ልጇን የቀበረች እናት ፊት ተቀምጦ «ሁሉም ለበጎ ነው» ማለትም ከዚያ አይሻልም። በዚያ ጊዜ አንድ ለቅሶ ቤት ውስጥ ይሄ ሲባል ሰምቻለሁ። እናትየዋ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገችና ዝም አለች። አብሮ ማልቀስ በቂ ነበር።

ጥፋቱ የኔ ባይሆንም ኑሮው ግን የኔ ነው። ልጆቼ ጧት ሲነሱ የሚያዩት የኔን ፊት እንጂ የባለሥልጣን ፊት አይደለም። ይቺን ነገር ለመቀበል ጊዜ ፈጅቶብኛል፣ ምክንያቱም ተበድያለሁ ብሎ መቀመጥ በጣም የሚያደላድል ቦታ አለው፤ እውነት ስለሆነ ማንም አይከራከርህም፣ ሰው ሁሉ አይዞህ ይልሃል፣ ቡና ይጋብዝሃል፣ አንተም ያንኑ ታሪክ ለሚቀጥለው ሰው ትደግመዋለህ፣ እንዲህ እያልክ ቀኑ ይመሻል። ውሸት ቢሆን ኖሮ ቶሎ ትነቃበት ነበር። ሰውን አሥሮ የሚያስቀምጠው እውነት የሆነው ብሶት ነው።

እኔን ከዚያ ያወጣኝ ትልቅ ንግግር አይደለም። አጎቴ ነው።

ከከተማው ወጣ ብሎ የሚኖር ገበሬ ነው፣ ጋሼ ነው የምለው። የላስታ ሰው ከንብ ጋር የቆየ ዝምድና አለው፤ የንጉሡ የላሊበላ ታሪክ ራሱ ሲወለድ ንብ ከበበው ተብሎ ነው የሚጀምረው። ጋሼም ጓሮው ውስጥ በእንጨት ርብራብ ላይ የደረደራቸው ባህላዊ ቀፎዎች አሉት። ሥራ ሲጠፋ እሱ ጋ መዋል ጀመርኩ። ንብ ልማር ብዬ አልነበረም፣ የከተማውን ወሬ ሽሽት ነው።

አንድ ቀን ጧት ስንደርስ አንደኛው ቀፎ ጭር ብሏል። ንቡ ጥሎት ሄዷል። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዷ «ዓይን ነው፤ ትናንት እገሌ በዚህ ሲያልፍ ቆሞ አይቶታል» አለች። አንዱ ሽማግሌ ዘመኑን አማረሩ፣ ንቡም አገሩን ጠላ አሉ። ጋሼ ለማናቸውም መልስ አልሰጠም። አማተበ፣ ቀፎውን አወረደ፣ ክዳኑን ፈትቶ እጁን እስከ ክርኑ ከተተና ቁራጭ ሰፈፍ አውጥቶ ወደ ፀሐይ አዞረው። ከዚያ ተንበረከከና የርብራቡን ቋሚ እንጨት በጣቱ ተከትሎ ወደ ታች ወረደ። ጉንዳን። ክር የመሰለ መስመር ሠርቶ ከመሬት በቋሚው ላይ ይወጣል። «አመዱን ዝናብ ወስዶታል» አለ። እሱን ብቻ ነው ያለው። ምድጃው ጋ ሄዶ በጣሳ አመድ ይዞ መጣ፣ በእያንዳንዱ ቋሚ እግር ዙሪያ ነሰነሰ፣ ያጎነበሰውን ሣር በማጭድ ቆረጠ። ጎረቤቶቹ ገና ስለ ዓይን እያወሩ ነው። ወደኔ ዞሮ «በል ያንን ባዶ ቀፎ በወይራ እንጠነውና ግራሩ ላይ እንስቀለው፣ መስከረም ሲጠባ ሌላ መንጋ ይገባበታል» አለኝ።

ሰቀልነው።

ጋሼ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነው፣ ጾም አይፈታም፣ ኪዳን አያስታጉልም። ዓይን የሚባል ነገር የለም ብሎም አልተከራከረም። ያደረገው ነገር ቀፎው ሥር ጎንበስ ብሎ ማየት ነው። እኛ ብዙዎቻችን ጸሎቱን ይዘን አመዱን እንተዋለን። እግዜር ያውቃል የሚለው ቃል ሥራ ከተሠራ በኋላ ሲባል እንዴት ያለ ዕረፍት አለው፤ ሳይሠራ ሲባል ግን ሰውን ያፈዝዛል። ይሄ የኔ እምነት ነው፣ የማይስማማ ካለ አልጣላውም።

ያን ሰሞን ማታ ማታ በድሮ የሥራ ደብተሬ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። የእንግዶች ስም፣ የመጡበት አገርና የበረራ ሰዓት የምመዘግብበት ደብተር ነው፣ ግማሹ ባዶ ቀርቶ ነበር። ገጹን መሐሉ ላይ አሰመርኩት። በግራ በኩል በእጄ ያልሆነውን፤ ሰላም፣ በረራ፣ ዶላር፣ ዝናብ፣ ኤምባሲዎች ለዜጎቻቸው የሚሰጡት ማስጠንቀቂያ፣ የነዳጅ ዋጋ። ሞላ። በቀኝ በኩል በእጄ ያለውን። እዚህ ጋ ብዕሩ ቆመ። ጧት የምነሳበት ሰዓት። ለባለቤቴ የምመልስላት መልስ። እንግሊዝኛዬ እንዳይጠፋ ማንበብ። የጋሼ ጓሮ። ከማን ጋር እንደምቀመጥ። አጭር ነው፣ ተራ ነገር ነው። ግን ቆይቼ ሳየው ቀኔን በሙሉ የሚሞላው የቀኙ ነው። የግራውን ሳስብ ስውል ግን ቀኑ ባዶውን ነው የሚያልፈው። ዶላር ወጣ ወረደ ብዬ ሳስብ ብውል ዶላሩ አይሰማኝም፤ ባለቤቴን ግን በቁጣ ከመለስኩላት ያን ቀን ቤቱ ሁሉ ይበላሻል።

በበቅሎ መንገድ ላይ እንግዶች አዘውትረው ከሚጠይቁኝ ሰዎች አንዱ አበበ ቢቂላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን ብዙዎቹ ሰምተዋል፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ መድገሙንም የሚያውቁ አሉ። እኔ የምነግራቸው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። በ1969 መኪናው ተገልብጦ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ዓለም የሚያውቀው በእግሩ ነው፣ የሄደበትም እግሩ ነው። ለሕክምና እንግሊዝ አገር ተወሰደ፤ በዓመቱ እዚያው አገር በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ዒላማ ተወዳደረ። በ1971 ደግሞ ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ ውሻ በሚጎትተው ተንሸራታች ውድድር አሸነፈ። ቀስቱን ሲያነሳ እግሬ ይመለስልኛል ብሎ አይመስለኝም። የቀረለት እጁ ነው፣ በእጁ ሠራ። ስለ አበበ ስናወራ ሁሌ ሮም ላይ ማቆማችን ያሳዝነኛል። ለኔ ትልቁ አበበ ቀስት የያዘው ነው።

ወደ ንቡ ልመለስ። ጋሼ ጋ ከሠራሁ በኋላ ዘመናዊ ቀፎ አሠርቼ ጨመርኩ። ባህላዊው ቀፎ ደህና ሲሰጥ 5 እና 6 ኪሎ ማር ነው፤ ዘመናዊው በደህና ዓመት 15 እና 20 ይደርሳል። ጋሼ መጀመሪያ አልወደደውም፣ ሳጥን ነው እያለ ዞር ዞር ብሎ ያየው ነበር፣ ማር ስንቆርጥ ግን ፍሬሙን ይዞ ብዙ ቆየ። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል ዕቃው ሁሉ ተወደደ፣ ስኳር ጨምሮ። በበጋ አበባ ሲጠፋ ለንቡ ስኳር በጥብጠን ነበር የምንሰጠው። ባለቤቴ ናት መላ ያመጣችው። ለንቡ ከስኳሩ ጋር የምንሰጠውን በሶና ሽሮ አበዛን፣ በጓሮው ዳር ደግሞ ንቡ አበባውን እንዲቀስም ባቄላና ጎመን ዘር ዘራንና የዕቃ ማጠቢያ ውሃ ማጠጣት ጀመርን። ስኳር ጨርሶ አልተውንም፣ በጣም ቀነሰ እንጂ። ምንዛሪው ግራ ገጹ ላይ ነው ያለው፣ ጎመን ዘሩ በቀኙ።

አሁን «ታድለሃል» ለሚሉኝ ሰዎች የምለው አለኝ። በከፊል ልክ ናችሁ። አጎት አለኝ፣ አጎቴ ጓሮ አለው፣ ከሰው ሁሉ የባሰ አልደረሰብኝም። ቤቱ የተቃጠለበት፣ ሰው የሞተበት ጓደኛ አለኝ፤ እሱን ደብተር አሰምር ብዬ ልመክረው አልደፍርም። እሱ ጋ የምሄደው ዝም ብዬ አብሬው ልቀመጥ ነው። ሁሉም ሰው እኩል ሸክም አልተሸከመም፣ ይህን የሚረሳ ምክር ባይነገር ይሻላል። ዕድል አለ። እኔን የሚከፋኝ ዕድል ሲባል ሌላው ሁሉ ሲጠፋ ነው። ክረምት በጭቃ ጋሼ ጋ የተመላለስኩት፣ ንብ ነድፎኝ ዓይኔ አብጦ የሰነበትኩት፣ ባለቤቴ ያለ ቃል ጉልበቷን የሰጠችው፣ ይሄ ሁሉ በአንድ ቃል ሲታጠብ ልክ አይመስለኝም። ደግሞም የሚሰማው ልጅ ምን ይማራል? የታደለ ያገኛል፣ ያልታደለ ይቀመጣል። ልጆቼ ይህን ተምረው እንዲያድጉ አልፈልግም።

ደህና አስተሳሰብ ማለት ለኔ ሁሌ መሳቅ አይደለም። የሚከፋኝ ቀን አለ። ገና ሲደርስ የድሮው ግርግር ትዝ ሲለኝ ሆዴ ይባባል። ግን ጧት ስነሳ ስልክ ከመክፈቴ በፊት ንቦቹን አያለሁ፣ ዜናው ከቁርስ በኋላ ይደርሳል፣ የትም አይሄድም። ቀኑን ሙሉ ሲያማርሩ ከሚውሉ ሰዎች ጋር ሰላምታዬን ሳላጎድል ቡናዬን ቶሎ ጠጥቼ እነሳለሁ። እነዚህን ነገሮች መርጬ ነው የማደርጋቸው፣ በየቀኑ እንደገና መምረጥ አለብኝ፣ አንዴ ተመርጦ የሚያልቅ ነገር ሆኖ አላገኘሁትም።

ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ ትናንት የመጣ አንድ ልጅ ነው። የአስጎብኚነት ሥልጠናውን ጨርሶ ሥራው ሲቆም ሜዳ ላይ የቀረ፣ እንግሊዝኛው ጥሩ የሆነ ልጅ። «በየመን በኩል ሳዑዲ ልሄድ ነው። እዚህ አገር ምንም የለም፣ አንተማ ታድለሃል» አለኝ። ያ መንገድ ስንቱን ልጅ እንደበላ የወሎ ሰው ያውቃል። እፈራልሃለሁ አልኩት፣ በቁሜ እየለመንኩህ ነው አልኩት። ደግሞ አትሂድ ብሎ ብቻ መሸኘት ምን ይሠራለታል? ምን አለህ፣ ምን ታውቃለህ፣ ከማን ጋር ነው የምትኖረው እያልኩ ስጠይቀው መሸ። መሬት የለውም። እናቱ ጠላ ትጠምቃለች። ሦስት ቋንቋ ይሞክራል። ቀፎ ነክቶ አያውቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት ና ብዬዋለሁ። መጀመሪያ ለልጆቼና ለጎረቤት ልጆች እንግሊዝኛ ያስተምራል፣ በማርም በገንዘብም እንከፍለዋለን፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ተነጋግሬ ጨርሻለሁ። ፀሐይ በረድ ሲል ጋሼ ጋ እንወርዳለን። አንድ ቀፎ ለይተን እንሰጠዋለን፣ ጥበቃውም የሱ፣ ማሩም የሱ። ሽቶ ተቀብተህ እንዳትመጣ፣ ንብ አይወድም ብዬ አስጠንቅቄዋለሁ። ጓንትና ዓይነ ርግብ እኔ ጋ አለ።