ቆይማ፣ አልተበላሸም

ዛሬ ጅማ መርካቶ ስፒከሬን ላሠራ ሄድኩ። ልጁ ጠግኖ ሲጨርስ «በሚወዱት ዘፈን ይሞክሩት» አለኝ። የእንግሊዙን ሮክ ባንድ የፒንክ ፍሎይድን «ዊሽ ዩ ዌር ሂር» («ምነው እዚህ በሆንክ») ከፈትኩ። ጊታሩ ቀጭን፣ ሩቅ፣ የሚንሿሿ ሆኖ መጣ። ልጁ ደነገጠ። «ጋሼ፣ ገና ነው፤ ልፍታው» ብሎ ካቻቢቴውን አነሳ።

«ቆይማ» አልኩት።

ሁለተኛው ጊታር ገባ። ጥርት ያለ ነው፤ አጠገባችን የተቀመጠ ሰው የሚመታው ይመስላል። ልጁ ቀና አለ። «እስቲ ከመጀመሪያው ይድገሙት!»

ያ የመጀመሪያው ድምፅ ሆን ተብሎ ከሬዲዮ እንደሚመጣ ተደርጎ የተቀዳ ነው። ዘፈኑ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው፤ ከባንዱ መሥራቾች አንዱ ሲድ ባሬት ከጓደኞቹ ከተለየ ያኔ ዓመታት አልፈው ነበር። ለእኔ ናፍቆቱ ያለው ገና ግጥሙ ሳይጀመር፣ እዚያው ሁለቱ ጊታሮች መሃል ነው። አንዱ ሩቅ፣ አንዱ ቅርብ። በትዝታ ቅኝት ያደገ ልጅ እንግሊዝኛውን ባይሰማም ይህ ቢገባው አይገርመኝም።