መነጽሩን አውልቄ

ዛሬ ከኦፕሬሽን ክፍል ስወጣ መሽቶ ነበር። ወገቤ እሺ አይልም። ግን ሳልጽፈው ካደርኩ ነገ ስሜቱ አይገኝም።

የአንጎል ቀዶ ሕክምና መማር ስጀምር በጣም ያስጨነቀኝ ኤምአርአይ ማንበብ ነበር። ምስሉ ስስ ስስ ተደርጎ የተቆራረጠ፣ ጥቁርና ነጭ ነው። ከነዚያ ቁራጮች ሙሉ አንጎል በሐሳብ መገጣጠም የሐኪሙ ሥራ ነው። እጢው ከየትኛው ደም ሥር ጀርባ ነው? ከንግግር ቦታው ምን ያህል ይርቃል? ሲኒየር ሐኪማችን አንዴ አየት አድርገው ሁሉንም ይነግሩናል። እኔ ሌሊቱን ኮምፒውተር ላይ አፍጥጬ አድርና ጠዋት ሲጠይቁኝ ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው አሁንም ቁርጥራጭ ነው።

ለዚህ ነው ዙሪያውን ጋርዶ የኮምፒውተር ምስል ብቻ የሚያሳየውን የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር መጀመሪያ ያደረግኩበትን ቀን የማልረሳው። ያ ቁርጥራጭ ምስል ብድግ ብሎ ፊቴ ቆመ። እጢው አረንጓዴ፣ ደም ሥሮቹ ቀይ። ዙሪያውን ዞርኩት። ቁጢጥ ብዬ ከሥሩ ወደ ላይ አየሁት። አንዲት ክር የምታህል ደም ሥር በእጢው ጀርባ ታጥፋ ታልፋለች። ሦስት ቀን ሙሉ ፊልሙን ሳገላብጥ አላየኋትም። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ያቺን ደም ሥር ሳላውቅ ብገባስ ኖሮ?

ኦግመንትድ ሪያሊቲ ደግሞ ይለያል። ክፍሉንም የገዛ እጅንም እያዩ ምስሉን እላዩ ላይ ይደርባል። ሐሳቡ የትናንት ይመስላል እንጂ 1986 ላይ አሜሪካ፣ ዳርትማውዝ ውስጥ፣ ዴቪድ ሮበርትስና ባልደረቦቹ የሲቲ ስካን ምስል ከቀዶ ሕክምና ማይክሮስኮፕ ጋር አጣምረው ሠርተውበታል። እኔ ገና ሳልወለድ!

ባለፈው ወር በዚህኛው መነጽር ቱቦ ማስገባት ተለማመድን። ጭንቅላት ውስጥ ፈሳሽ ሲጠራቀም በቀጭን ቱቦ ማፍሰስ መጀመሪያ ከምንማራቸው ሥራዎች አንዱ ነው። ከአፍንጫ ሥር ወደ ኋላ 11 ሴንቲሜትር ያህል፣ ከመሃል ወደ ጎን 3 ሴንቲሜትር ያህል ተለክቶ የራስ ቅሉ ይበሳል። ከዚያ በዓይን የውስጥ ጥግና በጆሮ እያነጣጠሩ መላክ ነው። ውስጡ አይታይም። በመነጽሩ ግን በፕላስቲኩ የራስ ቅል ውስጥ የፈሳሹ ቋት ሰማያዊ ሆኖ አበራ። መንገዱም እንደ ክር ተዘረጋ። በመጀመሪያ ሙከራዬ ገባልኝ።

ግን ዓይኔ ደከመ። ሆሎሌንስ በሚባለው በዚህ መነጽር ላይ ምስሉ የሚጠራው 2 ሜትር ርቆ እንዳለ ነገር ነው፤ እጄ ደግሞ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ናት። የቱቦውን ጫፍ ሳይ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ምስሉን ሳይ ጫፉ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ እዚያ ሚሊሜትር ብዙ ነው።

የዛሬው ኬዝ ነው ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ። የእጢው ወሰን በማይክሮስኮፑ ውስጥ በአረንጓዴ መስመር ተሥሎ ይታየናል። ቆዳው ላይ ልክ ነበር፤ አጥንቱም ላይ ልክ። ዱራ የምንለው የአንጎሉ ሽፋን ሲከፈት አንጎሉን የከበበው ፈሳሽ ቀስ ብሎ ፈሰሰ፣ አንጎሉም ወደ ታች ሰመጥ አለ። መጽሐፍ ላይ ስለዚህ አንብቤያለሁ፤ አንዳንዴ ከ1 ሴንቲሜትር በላይ እንደሚሄድም አውቃለሁ። በዓይን ማየት ግን ሌላ ነው። መስመሩ እንደዚያው በርቶ ቀረ፣ አንጎሉ ግን ከሥሩ ሄዷል። ካርታው ከኦፕሬሽኑ በፊት የተነሣ ነዋ! ያ መስመር ደግሞ እንዴት ያምራል፤ ዓይንን ይይዛል። እኔ እሱኑ እያየሁ ነበር።

"አጥፉት" አሉ ሲኒየራችን። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ "አሁን አንጎሉን እዪ" አሉኝ።

አልትራሳውንድ ተጠየቀ። እጢው አሁን ያለበትን ቦታ አሳየን። ከዚያ በኋላ የመራን የሕብረ ሕዋሱ ቀለምና ልስላሴ ነበር። እጢው ግራጫ ነው፤ ለመምጠጫው ቶሎ እጅ ይሰጣል። ጤነኛው ትንሽ ጠንከር ይላል። ይሄንን የትኛውም መነጽር እስካሁን ለጣቴ አልነገረኝም።

ከኦፕሬሽኑ ስወጣ አንድ የምወደው ታሪክ ትዝ አለኝ። 2016 ላይ ፈረንሳይ፣ አንዤ ውስጥ፣ መነጽሩን ያደረገው ታካሚው ነበር። ሰውየው አንድ ዓይኑን ቀድሞ አጥቷል፤ በቀረው ዓይን የሚያይበት ወሰን እንዳይጠብበት ሐኪሞቹ ነቅቶ እያለ ሠሩለት። አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውም። በመነጽሩ ውስጥ ብርሃን ያሳዩታል፣ እሱ ያየውን ይነግራቸዋል። የሰው ዓይን እንዲህ ሲጠበቅ ደስ ይለኛል።

የኛ ታካሚ ነቅተው የሁለቱንም እጆቻቸውን ጣቶች ካንቀሳቀሱልን በኋላ ወደ መለማመጃ ክፍሉ ሄድኩ። ፕላስቲኩን ጭንቅላት ፊቴ አስቀመጥኩ። መነጽሩን ሳላደርግ ስድስት ጊዜ ቱቦ ላክሁ። አራቱ ገቡ። ከዚያ መነጽሩን አድርጌ የሳትኳቸውን ሁለቱን አየሁ። ሁለቱም ወደ ጎን ወጥተዋል፣ በአንድ አቅጣጫ። እጄን ሳላውቀው ወደ ውጭ አዘነብላለሁ ማለት ነው። አውልቄ ሰባተኛውን ሞከርኩ።