የዓባይ በረሃ ደረጃዎች

ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን ስጓዝ እንቅልፍ የሚባል ነገር አይወስደኝም። ሌላው ተሳፋሪ መጋረጃውን ስቦ ያንቀላፋል፣ እኔ ግምባሬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ ገደሉን አያለሁ። ከዚህ መንገድ ገና መመለሴ ስለሆነ፣ በጭንቅላቴ የሚመላለሰውን ሳይጠፋብኝ ልጻፈው።

ሰው ሁሉ «ይኼን ሁሉ የቆፈረው ዓባይ ነው» ይላል። ልክ ነው፣ ግን ግማሹ ነው። ከአፋፉ እስከ ውሃው ወደ 1,500 ሜትር ይወርዳል። ቁልቁሉን የቆረጠው ወንዙ ነው፤ ስፋቱን ግን ወንዙ አልሠራውም። ወንዝ የሚቆርጠው እግሩ የረገጠውን ብቻ ነው። ለብቻው ቢተው ኖሮ ይሄ ሁሉ ሸለቆ ዛሬ ጠባብ ስንጥቅ ይሆን ነበር።

ቁልቁል የሚወርደውም በውሃው ጉልበት ብቻ አይደለም። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» ስንል ግንዱን አየንና ዋናውን ረሳነው። ሥራውን የሚሠራው ጠጠሩና አሸዋው ነው። ወለሉ ወፍጮ ቢሆን መጁ ጠጠሩ ነው። በጋ ላይ ያ ሁሉ ጠጠር ተኝቶ ይከርማል፣ ክረምት ሲገባና ውሃው ደፍርሶ ቡና ሲመስል ይነሳል። የዓመቱ ሥራ በአብዛኛው በእነዚያ ጥቂት ወራት ያልቃል ማለት ነው።

አውቶቡሱ ውስጥ ቁጭ ብዬ በስልኬ ስሌት ሠራሁ። አፋፉ ላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልቱ፣ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ቀልጦ የፈሰሰ ነው። ገደሉ እሱንም ቆርጦ ስለወረደ ከሱ ያነሰ ዕድሜ ነው ያለው። 1,500 ሜትሩን ለ30 ሚሊዮን ብናካፍለው በሺህ ዓመት 5 ሳንቲ ሜትር ይመጣል፣ ያውም ቢያንስ። ደጋው ከፍ ባለ ቁጥር የወንዙ ቁልቁለት ስለሚጨምር፣ ፍጥነቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አልነበረም።

ታዲያ ስፋቱን ማን ሠራው? መልሱ መንገዱ ላይ አለ። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ የተሰነጠቀውን አስፋልት አዩና «ልጄ፣ ይኼ መንገድ ዘንድሮም ሄደ እንዴ?» አሉኝ። «ሄዷል አባቴ፣ በየክረምቱ ይሄዳል» አልኳቸው። ሳቁ። ነገሩ ግን አያስቅም። ከባዛልቱ ሥር የአሸዋ ድንጋይ አለ፣ ከዚያ ወፍራም የኖራ ድንጋይ፣ ከሱ ሥር ደግሞ ጄሶና ውሃ ሲነካው የሚላቆጥ ልል ድንጋይ። ልሉ ሲሸሽ ጠንካራው ተደግፎ የሚቆምበትን ያጣና ይናዳል። ወንዙ ከታች እግሩን ይቆርጥለታል፣ ዝናቡ ከላይ ያረጥበዋል፣ ዳገቱ በራሱ ጊዜ ይወርዳል። ሸለቆውን ያሰፋው ይሄ መናድ ነው። መንገዱን የሚሠሩት ሰዎች ያሳዝኑኛል፤ የሚሠሩት ገና በጉዞ ላይ ባለ መሬት ላይ ነው።

አሁን ወደ ደረጃዎቹ ልምጣ። ከሩቅ ሲታይ ገደሉ በደረጃ የተሠራ ይመስላል፦ ቀጥ ያለ ግድግዳ፣ ከዚያ የሚታረስ ሜዳ፣ ከዚያ ደግሞ ግድግዳ። ብዙ ሰው ይኼን አይቶ «ወንዙ ድሮ እዚህ ነበር፣ ቀጥሎ እዚህ ወረደ» ይላል። እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። ትልልቆቹን ደረጃዎች የሠራቸው የድንጋዩ ጥንካሬ ነው። ጠንካራው ግድግዳ ሆኖ ይቆማል፣ ልሉ ተሸርሽሮ ይተኛል፣ በቃ።

የወንዝ እርከን ሌላ ነገር ነው። ወንዝ ሲረጋ እየተጠማዘዘ ግራ ቀኙን ይደለድላል፣ በጎርፍ ጊዜ ደለል ያለብሰዋል፣ ሜዳ ይሠራል። ከዚያ አንድ ነገር ይለወጣል፤ መሬቱ ከፍ ይላል፣ ወይ ውሃው ይበዛል፣ ወይ የሚሸከመው ደለል ይቀንሳል። ያኔ የራሱን ሜዳ መሰንጠቅ ይጀምራል። አሮጌው ሜዳ ጎርፍ የማይደርስበት ከፍታ ላይ ቀርቶ እርከን ይሆናል። ይሄ ሲደጋገም ብዙውን ጊዜ ላይኛው አሮጌ፣ ታችኛው አዲስ ነው።

መለያው አሎሎ ነው፣ ውሃ አንከባሎ ጠርዙን ያጠፋው ድንጋይ። አንዲት ገባር ወንዝ ዳር፣ ከሰው ቁመት በላይ፣ ለእግር መንገድ የተቆረጠ ግንብ መሰል አፈር አይቻለሁ። ከላይ ማሽላ ተዘርቶበታል፣ ከማሽላው ሥር ቡናማ ደለል፣ ከደለሉ ሥር ክብ ክብ ድንጋይ። ጠፍጣፎቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተደግፈው፣ አናታቸውን ወንዙ ወደሚሄድበት አጋድለዋል። ውሃ እየገፋ ካልደረደራቸው እንዲህ አይተኙም። አንዱን ፈልቅቄ አወጣሁት፤ ጥቁር ባዛልት ነው፣ የመርፌ ቀዳዳ በሚያክሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች የተሞላ፣ ጠርዝ የሚባል ነገር የሌለው። ዙሪያው ሁሉ የኖራ ድንጋይ ነው። ከአፋፉ ወርዶ፣ ተንከባሎ፣ ተሞርዶ ነው እዚያ የደረሰው።

እንዲህ ያለውን ነገር ገደል ሳይወርዱ ማየት ለሚፈልግ መልካ ቁንጡሬ አለለት፣ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ። አዋሽ እዚያ ደለልና ጠጠር ሲያነጥፍ ኖሮ፣ በኋላ ያነጠፈውን ራሱ ቆርጦ ገልጦታል። በመሐሉ ከሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የድንጋይ መሣሪያዎች ወጥተዋል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት የመዘገበውም በአቅራቢያው ካለው ባልጭት ከሚባል ቦታ ጋር ነው። የጥንቶቹ ሰዎች ለምን ወንዝ ዳር እንደሰፈሩ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ውሃው ቅርብ፣ ድንጋዩ ቅርብ።

አሁን ደግሞ የምጓጓለት አዲስ ነገር አለ። ዓባይ በየዓመቱ ከመቶ ሚሊዮን ቶን በላይ ደለል ይዞ ወደ ሱዳን ይሻገር ነበር። ከህዳሴ ግድብ ወዲህ አብዛኛው እዚሁ ይቀራል። ወንዙ የግድቡን ሐይቅ ሲነካ ፍጥነቱን ያጣል፣ መጀመሪያ ጠጠሩን ይጥላል፣ ቀጥሎ አሸዋውን፣ ደቃቁ ጭቃ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። የሐይቁ ውሃ በክረምትና በበጋ ከፍ ዝቅ ሲል ደግሞ ወንዙ የጣለውን መልሶ ይሰነጥቀዋል። እዚያ ጫፍ ላይ ለሚኖር ሰው፣ እርከን ሲሠራ በገዛ ዓይኑ የማየት ዕድል አለው ብዬ አስባለሁ።